ለመውደቅም ቦታ ያስፈልጋል

ቂርያት ጋት ያደገ ሰው የኢንዱስትሪ ቀጠናውን በሰዓት ያውቀዋል። ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ የካብላኑ ሚኒባስ ሰፈራችን ጥግ ላይ ይቆማል፤ ሻሽ ያሰሩ እናቶች አንድ በአንድ ይገባሉ። ቆየት ብሎ ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ መሐንዲሶች በባቡርና በመኪና ይደርሳሉ። ሁሉም ወደ አንድ ቀጠና ነው የሚሄዱት። እናቴ ለሃያ ዓመት ያህል የሚኒባሱ ተሳፋሪ ነበረች። የምታጸዳውን ፎቅ ታውቀዋለች፤ እዚያ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ሰው ነግሯት አያውቅም።

እኔ ማኅበራዊ ሥራ፣ ቤታችን ውስጥ «ዓቮዳ ሶትሲያሊት» የምንለውን፣ እማራለሁ። ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያዋ ነኝ። በአንደኛው ዓመት የስታቲስቲክስ ፈተና፣ በሞዔድ አሌፍ፣ 41 አገኘሁ። ውጤቱ በስልኬ የመጣው ዓርብ ዕለት እዚያው ቀጠና ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ ሳለ ነው። ስልኩን ኪሴ ከተትሁና ማሸጌን ቀጠልሁ። ለእናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነገርኋትም።

በዚያው ሰሞን ስለ ድርጅት አመራር የሚያስተምረን መምህር፣ ድርጅት ያቋቋመ ሰው የጻፈው አንድ መጽሐፍ አንብበን እንድናቀርብ አዘዘን። እኔ የመረጥሁት ኢንቴልን ወደ እስራኤል ያመጣውን የዶቭ ፍሮህማንን መጽሐፍ ነው። የኢንቴል ሕንፃ ከመስኮታችን ይታያል፤ ማን እንዳመጣው ለማወቅ ፈልጌ ነበር። ስለ መሳካት የሚያወራ መጽሐፍ የጀመርሁት በወደቅሁበት ሳምንት ስለሆነ፣ ያነበብሁት ከጸሐፊው ጋር እየተከራከርሁ ነው። ከዚያ ክርክር የተረፈኝን ላካፍላችሁ።

ሰውየው ማን ነው?

ዶቭ ፍሮህማን በ1939 አምስተርዳም ውስጥ ከፖላንድ ከመጡ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ናዚዎች ሆላንድን በያዙ ጊዜ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ በገጠር ለሚኖር አንድ የክርስቲያን ገበሬ ቤተሰብ አደራ ሰጡት፤ ያ ቤተሰብ ደብቆ አተረፈው። ወላጆቹ ከእልቂቱ አልተመለሱም። በ1949 እስራኤል ገባ፤ ሃይፋ ባለው ቴክኒዮን ተማረ፤ አሜሪካ ሄዶ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሠራ። ከዚያም ከተመሠረተ አንድ ዓመት የሆነውን ኢንቴልን በ1969 ተቀላቀለ።

ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የዲዛይን ማዕከል በ1974 ሃይፋ ላይ የከፈተው እሱ ወትውቶ ነው። በ1985 የኢየሩሳሌም ፋብሪካ፣ በ1999 ደግሞ የእኛው የቂርያት ጋቱ ፋብሪካ ሥራ ጀመሩ። መጽሐፉ ከሮበርት ሃዋርድ ጋር በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2008 ወጣ። ርእሱን ወደ አማርኛ ብመልሰው «አመራር በከባዱ መንገድ» ይሆናል። አመራርን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርህም፣ አንተ ግን በኑሮህ ልትማረው ትችላለህ ይላል።

የተበላሸው ቺፕ

የፍሮህማን ስም የሚነሣበት ፈጠራ «ኢፕሮም» የሚባለው የኮምፒውተር ማስታወሻ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከብልሽት ነው። አንዳንድ ቺፖች አልሠራ አሉ፤ እሱም ምክንያቱን ይመረምር ጀመር። ቺፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ትራንዚስተር «በር» የሚባል ክፍል አለው፤ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ወይም እንዳያልፍ የሚወስነው ይህ በር ነው። በተበላሹት ቺፖች ውስጥ ከበሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቆርጧል፤ በዚህ ምክንያት ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ እዚያው በሩ ላይ ታስሮ ይቀራል፣ የትራንዚስተሩንም ጠባይ ይለውጣል።

ለፋብሪካ ይህ ኪሳራ ነው። ፍሮህማን ግን ኤሌክትሪኩን ሆን ብለን ብናስረውስ ብሎ አሰበ። ታስሮ የሚቀር ኤሌክትሪክ፣ መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ማስታወሻ ማለት ነው። ኢንቴል ይህን ቺፕ በ1971 ለገበያ አቀረበ።

ይበልጥ የገረመኝ ቺፑ የሚሰጠው ጥቅም ነው። ከዚያ በፊት በቋሚ ማስታወሻ ላይ አንድ ስሕተት ከተጻፈ መፍትሔው ቺፑን ጥሎ ሌላ ማሠራት ነበር። ኢፕሮም ግን ጀርባው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለው። በዚያ መስኮት አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት የተጻፈው ይጠፋል፣ በዚያው ቺፕ ላይ እንደገና ይጻፋል። መሐንዲሱ ተሳስቶ፣ አጥፍቶ፣ ደግሞ ይሞክራል። ፍሮህማን ከብልሽት ያገኘው ነገር ስሕተትን ርካሽ የሚያደርግ ዕቃ ነበር።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ውድቀት አስተማሪ ነው» የሚለውን ይወስዳል። እኔ ግን ከዚያ ቀድሞ የሆነውን አየሁ፤ የተበላሸው ቺፕ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የሠራው ሰው አፍሮ ጣለው ወይም ደበቀው እንበል፤ የሚመረመር ነገር አይኖርም ነበር። የኔ 41 ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለምን ደበቅሁት? አብዛኞቻችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ክፍላችን ውስጥ የእኛ ልጆች ሁለት ብቻ ነበርን። ሌላው ተማሪ ሲወድቅ እሱ ወደቀ ይባላል፤ እኛ ስንወድቅ ግን «እነሱ» የሚል ቃል አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለናል። ቤት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ «ዩኒቨርሲቲ የገባችው» እያለ ነው የሚጠራኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ያልወደቀ መስሎ መቆም ይቀላል።

በመጨረሻ የፈተና ወረቀቴን አስወጥቼ ተራ በተራ አየሁት። ያጣሁት ነጥብ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሁለት ምዕራፎች ነበር። ሁለቱም የተማርናቸው የሌሊት ፈረቃ በሠራሁበት ወር ነው። የቀረውን በደንብ መልሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጭንቅላቴ ለዚህ አልተሠራም» ስል ከርሜ፣ ወረቀቱ የሚለው ግን «ያን ወር እንቅልፍ አልነበረሽም» ነው።

በሙያችን «ሰውን ከነአካባቢው ማየት» የሚባል መሠረታዊ ትምህርት አለ። የአንድን ሰው ችግር ስትመረምር ጠባዩን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ሥራውን፣ ገቢውን፣ የሚያገኘውንና የሚያጣውን አገልግሎት አብረህ ታያለህ። ይህን ለሌላ ሰው ማድረግ በፈተና እመልሰው ነበር። ለራሴ ማድረግ ግን አልቻልሁበትም ነበር።

ከመሞት መሰንበት

መጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ከያዙት ታሪኮች አንዱ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነው። በጃንዋሪ 1991 ኢራቅ ስካድ ሚሳይል ወደ እስራኤል መተኮስ ስትጀምር ሕዝቡ ቤቱ እንዲቆይ ታዘዘ። በስድሳዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌዎቻችን ያን የጋዝ ጭንብልና በፕላስቲክ የታሸገ ክፍል ያስታውሱታል። ፍሮህማን የኢየሩሳሌሙን ፋብሪካ ላለመዝጋት ወሰነ። መምጣት ግዴታ እንዳልሆነ ለሠራተኞቹ ነገራቸው፤ አብዛኞቹ መጡ። ሥራው ቢቋረጥ አሜሪካ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት እስራኤልን የማያስተማምን ቦታ አድርጎ ይቆጥራል፣ ወደፊትም ፋብሪካ አይሰጠንም ብሎ ሰግቶ ነበር። መሪ ከሁሉ አስቀድሞ መትረፍን ማሰብ አለበት ይላል።

ይህን ለእናቴ ስተርክላት ሳቀች። በዚያው ጃንዋሪ እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ ከጎንደር ወጥታ አዲስ አበባ ተራ ትጠብቅ ነበር። ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዙ አንዷ እሷ ነበረች። «መትረፍንማ ማን መጽሐፍ ገልጦ ተማረው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቢሆንም ከዚህ ምዕራፍ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ነገር አለ። መትረፍ ማለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሸነፍ አይደለም፤ ነገ የምትቀጥልበትን ገመድ አለመበጠስ ነው። አንድ ኮርስ የወደቀ ተማሪ ዲግሪውን ማቋረጥ የለበትም። ኮርስ መቀነስ ይችላል፣ አንድ ሴሚስተር ማዘግየት ይችላል፤ ከመዝገቡ ላይ መሰረዝ ግን የመጨረሻው ነገር ነው።

ከእኔ ጋር ያን ፈተና የወደቀ፣ ከእኔ ይልቅ ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ለሞዔድ ቤትም አልቀረበም። በዓመቱ መጨረሻ ወንበሩ ባዶ ሆነ። የጎደለው ጉብዝና አይመስለኝም፤ በዚያን ሳምንት የሚያናግረው ሰው ነበር።

ያልተጻፉት መጻሕፍት

የነጋዴና የሥራ ፈጣሪ መጻሕፍት አንድ የተደበቀ ጉድለት አለባቸው፤ የሚጽፈው የተሳካለት ነው። ያው ድፍረት ኖሮት፣ ያው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ግን የከሰረው ሰው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የለም። ስለዚህ አንባቢ ድፍረት ብቻውን ያሳካል ብሎ ይሳሳታል። ፍሮህማን በዚህ ሐቀኛ ነው፤ ዕድልና አጋጣሚ በሕይወቱ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይናገራል።

የእኛ ከተማ ይህን በሁለት ፋብሪካዎች ታስተምራለች። ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ ገቢዎች የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኢንቴል ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ትልቅ አሠሪ ፖልጋት የሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በ1990ዎቹ የእስራኤል ገበያ ለውጭ ዕቃ ሲከፈት የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ጉልበት ወደሚረክስባቸው አገሮች ሄደ፤ ፖልጋትም ተዘጋ። እዚያ ልብስ የሚሰፉ እናቶች ሰነፉ? ስፌታቸው ተበላሸ? አይደለም። የትናንቷ ጎበዝ ሠራተኛ ዛሬ ሥራ አጥ የሆነችው ዓለም በላይዋ ላይ ስለተገለበጠ ነው። የሷንም መጽሐፍ ብናነብ ስለ መውደቅ የምናውቀው ሌላ ይሆን ነበር።

ከሥር ፍራሽ ያነጠፈው ማን ነው?

ከጸሐፊው ጋር የተከራከርሁት እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ የአንድ ግትር ሰው ታሪክ ይመስላል። በየገጹ ግን እሱ ሲወድቅ የሚቀበለው ነገር ነበር።

ሕፃን ሳለ የሆላንዱ ገበሬ ቤተሰብ ነበር። ኢፕሮምን ከፈጠረ በኋላ ኢንቴልን ትቶ ጋና፣ ኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሄደ፤ ሲመለስ የኢንቴል በር ክፍት ነበር። ድርጅቱ ራሱም እንዲሁ ነው። ኢንቴል የተነሣው የኮምፒውተር ማስታወሻ በመሥራት ነበር፤ ጃፓኖች በዋጋና በጥራት ሲበልጡት በ1985 ዋነኛውን የማስታወሻ ምርቱን ተወ። አልጠፋም፤ ምክንያቱም ማይክሮፕሮሰሰር የሚባል ሌላ ምርት በእጁ ነበረው።

ከሁሉ የሚገርመው የመስኮቴ ጎረቤት ነው። የመጀመሪያው የቂርያት ጋት ፋብሪካ ሲተከል ወጪው ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሰጠው የእስራኤል መንግሥት ነው። ሕጉ ከመሀል አገር ርቀው ላሉ ከተሞች ኢንቨስትመንት ድጋፍ ይፈቅዳል። ድጋፉን ለመንቀፍ አይደለም የማነሣው፤ ከተማዬ ሥራ አግኝታበታለች። የምለው ይህን ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት ኃይለኛ ድርጅቶች አንዱ እንኳ ወደ ቀጠናችን ሲገባ ብቻውን አልዘለለም። ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፎለት ነበር።

ፍሮህማን መሪ የሆነ ሰው ጊዜውን እስከ ግማሽ ድረስ ሳይዘው ክፍት መተው አለበት፣ ለማሰብና ለማለም፣ ብሎም ይመክራል። መልካም ምክር ነው። ግን በሦስት ፈረቃ መካከል ለሚማር ተማሪ ግማሽ ጊዜውን የሚከፍልለት ማን ነው? ክፍት ጊዜም ፍራሽ ነው፤ የሚነጠፈውም በገንዘብ ነው።

እንግዲህ ከመጽሐፉ የወሰድሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ውድቀት የሚያስተምረው መውደቂያ ቦታ ላለው ሰው ነው። መውደቂያ የሌለው ሰው ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ውድቀት ደግሞ አይመረመርም፤ ያልተመረመረ ውድቀት አያስተምርም። «አትፍሩ፣ ሞክሩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፍርሃቱ የሚቀንሰው ከሥር የተነጠፈ ነገር ሲኖር ነው።

የእናቴ ዕቁብ

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ነገርኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ድጋሚ የለውም?» አለች።

«አለው። ሞዔድ ቤት ይባላል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ዓርብና ሌሊት እየሠራሁ አላጠናም፣ እማ።»

ቢላዋውን አስቀመጠችና ስልክ ደወለች። የዕቁቧ ዕጣ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ተራ ተቀያየረች። በዚያ ገንዘብ አምስት ሳምንት ከፈረቃ ወጣሁ። በሞዔድ ቤት 67 አገኘሁ። የሚያስፎክር ውጤት አይደለም፤ ግን ሁለተኛ ዓመት አስገባኝ።

ሃያ ዓመት የሰው ፎቅ ያጸዳች ሴት፣ በስኬት መጻሕፍት መለኪያ «ያልተሳካላት» ናት። እኔ ግን መንግሥት ለኢንቴል ያደረገውን እሷ በዕቁቧ ለእኔ ስታደርግ አየሁ። ወላጆቻችን ይህን ሥርዓት ከጎንደር ይዘውት መጡ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኛ ዲግሪ ለመያዝ ስንሮጥ «የድሮ ሰዎች ነገር» ብለን ትተነው ነበር።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የወደቃችሁበትን ወረቀት አስወጥታችሁ እዩት። ውጤቱን አትዩ፤ ነጥቡ የት የት እንደጠፋ እዩ። አንድ ምዕራፍ ነው? የመጨረሻዎቹ ገጾች ናቸው? ጊዜ አልቆ ነው? መልሱ ምን መለወጥ እንዳለበት ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ ሞዔድ ቤትን እንደ ውርደት አትቁጠሩት። ተሳስቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ለመጻፍ የተሠራ መስኮት ነው። ለመመዝገቢያው የሚሰጠው ቀን አጭር ስለሆነ ውጤት የመጣ ዕለት ቀኑን አጣሩ።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ዲካን ቢሮ ሂዱ። የግል አስጠኚ፣ ሚልጋ፣ የፈተና ጊዜ ማራዘሚያ፣ አማካሪ፣ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ልመና አይደለም፤ የተነጠፈውን ፍራሽ መጠቀም ነው።

አራተኛ፣ ለወላጆች። ልጃችሁ ውጤት ደብቆ ከሆነ፣ የሚደብቀው ስለሚያከብራችሁ ነው። «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ድጋሚ አለው?» በሉት።

አምስተኛው ለማኅበራችን ነው። የሞዔድ አሌፍ ውጤት በወጣ በሳምንቱ አንድ ማታ እንሰብሰብ። ቡናውን እኛ እናፈላለን። ሁሉም የወደቀበትን ወረቀት ይዞ ይምጣ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዘርጋው፣ ያለፈው ለወደቀው ያስረዳ። ከቻልን ለፈተና ወር የምትሆን ትንሽ የተማሪ ዕቁብም እንጀምር።

እኔ 41ን ይዤ እመጣለሁ።